የጫሞ የአዞ ገበያ

ገበያ ሲባል ምን ትዝ ይላችኋል? ጤፍና በቆሎ፣ በግና ፍየል፣ ሻጭና ገዢ፣ ጫጫታና አቧራ ነው። ዛሬ የምንወስዳችሁ ግን ወደ ሌላ ዓይነት ገበያ ነው። በዚህ ገበያ ሻጭም ገዢም የለም። ሚዛን የለም። ብር የለም። ጫጫታ እንኳ አይሰማም። ገበያተኞቹ አዞዎች ናቸው። ገበያው የሚውለውም በጫሞ ሐይቅ ዳር ነው። የአካባቢው ሰው «የአዞ ገበያ» ይለዋል።

አዞ አስፈሪ ነው። ሰው ይበላል፤ ከብት ይበላል፤ መረብ ይቀድዳል። ታዲያ እንዲህ ያለውን አውሬ ለምን እንጠብቀዋለን? ይህን ጥያቄ ይዘን ነው ወደ ጫሞ የሄድነው። መልሱንም እዚያው እንፈልጋለን። ኑ፣ አብረን እንሂድ።

ወደ ሐይቁ መንገድ

ጫሞ የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጋሞ ዞን፣ በአርባ ምንጭ ከተማ አጠገብ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥተን በወላይታ ሶዶ በኩል ወደ ደቡብ ተጓዝን። ከሶዶ በኋላ መንገዱ እየወረደ ይሄዳል። አየሩም እየሞቀ ይመጣል። በስተቀኝ የጋሞ ተራሮች ቆመዋል። ጨንቻና ዶርዜ ከላይ ናቸው። እዚያ ብርድ አለ፤ እንሰት አለ፤ የታወቀ ሸማ ሠሪ አለ። ከታች ደግሞ ቆላ ነው። በመንገዱ ዳርና ዳር ሙዝና ማንጎ ይታያል።

በስተግራ በኩል ሰፊ ውሃ ብቅ ይላል። ይህ አባያ ሐይቅ ነው። ውሃው ቀይ ነው። ጭቃ የተበጠበጠበት ይመስላል። እውነትም አፈር አለበት። ይህን ቀይ ውሃ አስታውሱት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አርባ ምንጭ ከተማ ሁለት ሰፈር ናት። ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ትባላለች። ከሴቻ ሆነን ወደ ምሥራቅ ተመለከትን። በግራ አባያ፣ በቀኝ ጫሞ ተኝተዋል። ሁለቱን ሐይቆች የሚለያቸው አንድ የተራራ ጀርባ ነው። ሰዉ «የእግዜር ድልድይ» ብሎ ይጠራዋል። ከእግራችን በታች ጥቅጥቅ ያለ ደን አለ። ከደኑ ሥር ብዙ ምንጮች ይፈልቃሉ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከእነዚህ ምንጮች ነው። የመጠጥ ውሃዋንም ከዚያው ትቀዳለች።

ደኑ፣ የእግዜር ድልድይና የሁለቱ ሐይቆች ከፊል በነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ናቸው። ፓርኩ የተቋቋመው በ1966 ዓ.ም. ነው። ስፋቱ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ነጭ ሣር የተባለው በሜዳው ላይ ባለው ነጣ ያለ ሣር ነው።

ጫሞ ከአባያ ያንሳል። ቢሆንም ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ከአባያ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ውሃውም ከአባያ ይጠራል። ኩልፎ የተባለው ወንዝ ከጋሞ ተራሮች ወርዶ፣ በአርባ ምንጭ አጠገብ አልፎ፣ ጫሞ ይገባል። የአዞ ገበያውም ያለው ኩልፎ ወደ ሐይቁ በሚገባበት በኩል ነው።

ገበያው ሲውል

ጧት ጀልባ ላይ ወጣን። ጀልባ ነጂው ወጣት ነው። ገና ስንነሣ፣ «እጃችሁን ውሃ ውስጥ እንዳትከቱ» አለን። እኛም እጃችንን ሰብሰብ አደረግን።

ጥቂት እንደሄድን ጉማሬዎች አየን። ጆሮአቸውን እያርገበገቡ ከውሃው በላይ ያዩናል። ነጂው ዞር ብሎ በሩቁ አለፋቸው። «ጉማሬ ሣር በል ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ጀልባ ይገለብጣል» አለ።

ከዚያ ወደ ዳር ተጠጋን። መጀመሪያ ግንድ የተጋደመ መሰለን። አንዱ ግንድ ዓይኑን ገለጠ! ለካ ግንድ አይደለም፤ አዞ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ቆጥረን መጨረስ አቃተን። አንዳንዱ እጅግ ትልቅ ነው። አዞ ሲያድግ እስከ 5 ሜትር ይረዝማል። አልፎ አልፎም ከዚያ ይበልጣል። ብዙዎቹ አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ተኝተዋል። ወፎች በአጠገባቸው ይመላለሳሉ። አንዱም አይንቀሳቀስም።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልነው ነጂውን።

«ፀሐይ እየሞቁ ነዋ!» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኛ ሰውነት ሙቀት የሚያገኘው ከምንበላው ምግብ ነው። አዞ ግን ሙቀቱን የሚያገኘው ከፀሐይ ነው። ሌሊቱን በውሃ ውስጥ ያሳልፋል። ጧት ወደ ዳር ይወጣና ይሞቃል። ለካ ገበያ የወጣው ሙቀት ሊሸምት ኖሯል! በጣም ሲሞቀው ደግሞ አፉን ይከፍታል። እኛን ያልበናል፤ እሱን ግን አያልበውም። በተከፈተው አፉ በኩል እርጥበት ይተንና ሰውነቱን ያበርድለታል። ስለዚህ አፉን የከፈተው ሊበላን አይደለም። ሙቀት ስለበዛበት ነው።

አዞ ሙቀቱን ከፀሐይ ስለሚያገኝ ብዙ ምግብ አይፈልግም። ትልቅ አዞ ሳይበላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ከራሱ አናት ላይ ናቸው። በዚህ ምክንያት ሰውነቱን በሙሉ ውሃ ውስጥ ደብቆ ያያል፤ ይሰማል፤ ይተነፍሳል። ሲጠልቅ አፍንጫውና ጆሮው ይዘጋሉ። «የአዞ እንባ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አዞ እንባ የሚያወጣው አዝኖ አይደለም፤ አታልሎም አይደለም። ከውሃ ሲወጣ ዓይኑ እንዳይደርቅ የሚያረጥበው ፈሳሽ ነው።

እናት አዞ

አሁን የምንነግራችሁ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነው። ይህች አስፈሪ አውሬ ለልጆቿ ደግ እናት ናት።

ሴቷ አዞ የምትወልደው እንቁላል ጥላ ነው። ብዙ ጊዜ በደረቁ ወራት ከሐይቁ ዳር አሸዋማ ቦታ ትመርጣለች። በኋላ እግሯ እስከ አንድ ክንድ የሚጠልቅ ጉድጓድ ትቆፍራለች። እዚያ 50 ገደማ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ የሚያንስም የሚበልጥም አለ። በአሸዋ ትከድነዋለች። እንደ ዶሮ አትታቀፈውም። የሚያሞቀው አሸዋው ነው። እሷ ግን አጠገቡ ሆና ትጠብቃለች። ሦስት ወር ያህል ከአጠገቡ ብዙ አትርቅም። የምትበላውም ጥቂት ነው።

የአሸዋው ሙቀት ሌላም ሥራ አለው። የሚፈለፈለው ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚወስነው ይኸው ሙቀት ነው። ቀዝቀዝ ካለ ሴቶች ይበዛሉ። ሞቅ ካለ ወንዶች ይበዛሉ። እጅግ ከሞቀ ደግሞ እንደገና ሴቶች ይበዛሉ። የዳሩ ዛፍና ቁጥቋጦ ተመንጥሮ ጥላው ሲጠፋ ይህም ይዛባል ማለት ነው።

ጊዜው ሲደርስ ልጆቹ ገና ቅርፊቱ ውስጥ ሳሉ ይጮኻሉ። እናት ድምፁን ሰምታ አሸዋውን ትጭራለች። ልጆቿን በአፏ ትይዛቸዋለች። ያ አጥንት የሚሰባብር መንጋጋ ያን ጊዜ እንደ እናት እጅ ይለሰልሳል። አንድ በአንድ ወደ ውሃ ትወስዳቸዋለች። የእያንዳንዱ ርዝመት አንድ ስንዝር ተኩል ቢሆን ነው።

ግን ስንቱ ያድጋል? ገና እንቁላል ሳለ አርጃኖ ይሰርቀዋል። ዝንጀሮ ይቆፍረዋል። ከተፈለፈለ በኋላ አባ ኮዳ ይለቅመዋል። ትልልቅ ዓሣ ይውጠዋል። ትልቅ አዞ ራሱ ትንሹን ይበላዋል። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ከ100 ጫጩቶች መካከል ለአካለ መጠን የሚደርሱት 1 ወይም 2 ብቻ ናቸው። ሴቷ አዞ ለመውለድም ከ10 ዓመት በላይ ማደግ አለባት። እንግዲህ አስቡት። ጊደር ብትሞትብን እንኳ በጥቂት ዓመት ሌላ ትተካለች። አንዲት ትልቅ ሴት አዞ ከተገደለች ግን የምትተካው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ሰው ጎጆው ላይ ደጋግሞ ከደረሰ እናቲቱ ወደ ውሃ ትሸሻለች። ያን ጊዜ አርጃኖ ይደሰታል። እሷ እስክትመለስ ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ ይቆያል።

የሰው ሕይወት

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። አዞ ሰው ይገድላል። በግንቦት ወር 2010 ዓ.ም. በአባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ያጠምቁ የነበሩ አንድ የወንጌል አገልጋይ በአዞ ተይዘው ሞቱ። ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰማ። ውሃ ሊቀዱ፣ ልብስ ሊያጥቡ ወይም መረብ ሊጥሉ ወርደው የተጎዱ ሌሎችም አሉ። ይህ ለቤተሰብ ከባድ ሐዘን ነው። ስለዚህ «አዞ ይጠበቅ» ስንል «ሰው ይጎዳ» ማለታችን አይደለም። ሰው የሚድነው ጠባዩን ሲያውቅ ነው። አዞ የሚያድነው አድብቶ ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ቦታ የሚመጣውን ይለያል። ስለዚህ፦

አንደኛ፣ ሲመሽና ሌሊት ወደ ዳር አትውረዱ። አዞ ይበልጥ የሚያድነው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ ውሃ አትቅዱ። ጐንበስ ብላችሁ ከመቅዳት ረዥም እጀታ ባለው ዕቃ ቅዱ።

ሦስተኛ፣ ውሃ የሚቀዳበትንና ከብት የሚጠጣበትን ቦታ በጠንካራ እንጨትና በእሾህ ውሃው ውስጥ ድረስ እጠሩት። በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም እንዲህ ይደረጋል።

አራተኛ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ ጀልባ በሚያርፍበት ቦታ አትጣሉ። ሽታው አዞን ይጠራል።

አምስተኛ፣ ሕፃናትን ብቻቸውን ወደ ሐይቅ አትላኩ።

ወንድና ሴት፣ ትልቅና ትንሽ ይህን ቢያውቅ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፋል።

የዓሣ አጥማጁ ጥያቄ

ከጀልባ ወርደን አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ አገኘን። መረባቸውን ዘርግተው ይጠግናሉ። ሰላምታ ሰጠንና አጠገባቸው ተቀመጥን።

«ጋሼ፣ አዞ ይጎዳዎታል?» አልናቸው።

ሳቅ አሉ። «ይጎዳኛል ወይ ትላላችሁ? ይኸው እዩት እንጂ!» ብለው መረቡን አነሡት። ራስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለው። «ዓሣው መረብ ውስጥ ሲንፈራገጥ አዞ ይሰማል። ይመጣና ከነመረቡ ይቦጭቀዋል። መረብ ደግሞ በውድ ነው የሚገዛው። ታዲያ እኔ ለአዞ አዝኜ ልጆቼ ጦማቸውን ይደሩ?»

መልስ አጣን። እውነታቸውን ነው። ጥቂት ዝም ካልን በኋላ፣ «ዱሮ አዞ አልነበረም?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ነበረ እንጂ! ከዛሬው ይበዛ ነበር።»

«ዓሣውስ?»

«ዓሣውም ይበዛ ነበር» አሉ። መርፌያቸውን አቆሙ። «ዱሮ ነጭ ዓሣ ሲወጣ አንዱን ለብቻህ አትሸከመውም። አሁን ጀልባው በዛ። የመረቡ ዓይን ጠበበ። ገና ልጁን ሳይቀር እናወጣዋለን። እንግዲህ ይኼንንስ አዞ አደረገው አልልም።»

አባባላቸው ትክክል ነው። በጫሞ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ ይገኛሉ። ነጭ ዓሣ ናይል ፐርች የሚባለው ነው። ሲያድግ ከሰው ይከብዳል። የገበያው ዋጋም ጥሩ ነው። ዛሬ ግን በጣም ቀንሷል። ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠመዱ ነው። የመረቡ ዓይን ጠባብ ከሆነ ገና አንድ ጊዜ እንኳ ያልወለደው ዓሣ ይያዛል። ያልወለደ ከተበላ ለከርሞ ከየት ይመጣል? ዘሩን የበላ ገበሬ ምን ይዘራል?

አዞም ዓሣ ይበላል። ይህ አይካድም። ግን ከሚበላቸው አንዱ አምባዛ ነው። አምባዛ ደግሞ የሌላውን ዓሣ ጫጩት የሚበላ ነው። ውሃ ውስጥ የሞተውን እንስሳም አዞ ይበላዋል። ትንሹ አዞ ደግሞ የሚበላው ነፍሳትና እንቁራሪት ነው። ሐይቁ የሚኖረው ሁሉም በየድርሻው ሲኖር ነው። አንዱን ከመካከል ቢያወጡት ሌላው ይናጋል።

መረቡም ለአዞ ጠላት ነው። አዞ የሚተነፍሰው እንደኛ አየር ነው። መረብ ውስጥ ተጠላልፎ መውጣት ካቃተው ታፍኖ ይሞታል። እንዲህ ሲሆን አዛውንቱ መረባቸውን ያጣሉ። አዞም ሕይወቱን ያጣል። ማንም አልተጠቀመም።

አባቶች «ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላሉ። ተረቱ ስለ አጥንቱ ነው። ለጫሞ ግን ስለ መረቡም ይሠራል።

የአዞ ቆዳ

የአዞ ቆዳ ውድ ነው። ቦርሳ፣ ጫማና ቀበቶ ይሠራበታል። በዚህ ምክንያት በአፍሪካ ብዙ ሐይቆችና ወንዞች አዞ በጠመንጃ ታድኖ ሊያልቅ ደርሶ ነበር። ስለዚህ በ1973 እ.ኤ.አ. መንግሥታት በዋሽንግተን ተሰብስበው በዱር እንስሳት ንግድ ላይ ስምምነት አደረጉ። ኢትዮጵያም በ1981 ዓ.ም. ስምምነቱን ተቀበለች። በስምምነቱ መሠረት የአዞ ቆዳ ያለ ፈቃድ ከአገር አገር አይሸጥም።

በአርባ ምንጭም በ1970ዎቹ ዓ.ም. በአባያ ሐይቅ ዳር የአዞ እርባታ ተቋቋመ። አሠራሩ እንዲህ ነው። እንቁላል ወይም ጫጩት ከሐይቁ ዳር ይሰበሰባል። በእርባታው በገንዳ ውስጥ እየተመገበ ያድጋል። ሲያድግ ቆዳው ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። ከ100 ጫጩቶች አብዛኛው ሐይቁ ውስጥ የአርጃኖና የአባ ኮዳ ምግብ የሚሆን ስለሆነ ጥቂቱን መውሰድ ሐይቁን ብዙ አይጎዳም ከሚል ሐሳብ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። እንቁላሉ የሚመጣው ከሐይቁ እናቶች ነው። እናቶቹ ካለቁ እርባታውም ያልቃል። እናት ላም ታርዳ ወተት አይገኝም።

የአዞ ገበያውን ለማየትም ከሩቅ አገር ሰው ይመጣል። ለጀልባው፣ ለመኝታውና ለምግቡ ይከፍላል። በሕይወት ያለ አዞ በየዓመቱ ያስከፍላል። የተገደለ አዞ የሚሸጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከደጋ እስከ ሐይቅ

ወደ ቀዩ ውሃ እንመለስ። አባያን ያቀላው ከደጋ ታጥቦ የወረደ ደቃቅ አፈር ነው። ጫሞም ከዚህ አያመልጥም። በጋሞ ተራሮች ላይ ዛፍ ሲቆረጥና እርከን ሲፈርስ አፈሩ በኩልፎ ወንዝ ይወርዳል። ጫሞ ዳር ደርሶ ይተኛል። ዓሣ የሚወልድበትን ጥልቀት የሌለውን ውሃ ይደፍነዋል። የሐይቁ ዳር እስከ ውሃው ድረስ ሲታረስ ደግሞ አዞ እንቁላል የሚጥልበት ቦታ ያጣል። ቄጠማና ቁጥቋጦ ሲጠፋም አፈሩን የሚያጣራው የለም።

የጋሞ ገበሬ እርከን መሥራትን ከጥንት ያውቃል። በድንጋይ የተካበው እርከን ዛሬም በተራራው ላይ ይታያል። ለመሬቱ ብሎ የሠራው ነው። እርከኑን ሲጠግን ማሳው አፈሩን አያጣም። ከታች ያለው ዓሣ አጥማጅም ሐይቁን አያጣም። ደገኛው ጫሞን አይቶት ላያውቅ ይችላል። የጫሞ ጤና ግን በእሱም እጅ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ስንነሣ «አዞን ለምን እንጠብቃለን?» ብለን ነበር። መልሱን ያገኘነው ከአዛውንቱ አፍ ነው። አዞም ዓሣም በበዛበት ዘመን ሰው ይበላ ነበር። ዛሬ ሁለቱም ሲቀንሱ ሰውም ተቸገረ። አዞን የሚጎዳው ነገር ዓሣ አጥማጁንም ይጎዳል፤ ጠባብ መረብ፣ የተመነጠረ ዳር፣ የታጠበ አፈር ሁለቱንም ይጎዳሉ።

ስለዚህ ዓሣ አጥማጆች ተማክረው የመረቡን ዓይን ያስፉ። ዓሣ በሚወልድበት ወራት የሚወልድበትን ቦታ ይተዉት። ገበሬው ከማሳው እስከ ውሃው ያለውን ዳር ለቄጠማና ለዛፍ ይተው። እረኛው የአዞ ጎጆ አይቆፍር። ደገኛው እርከኑን ይጠግን። መረቡ የተቀደደበት ሰው ደግሞ ብቻውን አይተው፤ ማኅበሩ ይርዳው። ለአዞ ጥበቃ አንድ ድሀ ብቻውን ዋጋ ሊከፍል አይገባም።

ከአርባ ምንጭ ስንወጣ ፀሐይ ወደ ጋሞ ተራሮች ታዘቀዝቅ ነበር። በዚያ ሰዓት የአዞ ገበያው ይበተናል። ገበያተኞቹ አንድ በአንድ ወደ ውሃ ይገባሉ። ነገ ጧት ግን ተመልሰው ይወጣሉ። ልጆቻችንም ሄደው እንዲያዩት ገበያውን አንበትንባቸው።

አንብባችሁ ተወያዩ

1. አዞ ፀሐይ ላይ አፉን ከፍቶ የሚተኛው ለምንድን ነው?

2. ከ100 የአዞ ጫጩቶች ስንቱ ያድጋል? የቀሩት ምን ይሆናሉ?

3. በእናንተ ሰፈር ውሃ የሚቀዳበት ቦታ አደጋ አለበት? እንዴት ይታጠር?

4. መረባቸው የተቀደደባቸውን አዛውንት ብታገኙ ምን ትመልሱላቸዋላችሁ?